ትራፊክ የሌለበት ኪሎ ሜትር

ከአዲስ አበባ አየር ጤና ሚኒባስ ተሳፍሮ በጅማ መንገድ ወደ ወሊሶ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከፊት የሚመጣው መኪና በጠራራ ፀሐይ መብራቱን ብልጭ ብልጭ ያደርጋል። ሾፌራችን እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳና ቀበቶውን ይስባል፤ ረዳቱ ትርፍ የጫናቸውን «ጎንበስ በሉ!» ይላል። ለጥቂት ደቂቃ ጨዋ ሆነን እንሄዳለን። ትራፊክ ፖሊሱን እንዳለፍን ቀበቶው ይፈታል፣ ሞተሩም መጮኹን ይቀጥላል።

ስለ ፍጥነት ወሰን በተነሳ ቁጥር ቶሎ የሚታሰበው ቅጣት ማክበድ ነው። እኔ በቅጣት ብዙም ተስፋ የለኝም። ከሰበታ እስከ ወልቂጤ፣ ከዚያም ግቤ በረሃ ድረስ በየኪሎ ሜትሩ ፖሊስ አይቆምም። ሾፌሩም የሚበረው ፍጥነት ወዶ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ መኪናው የሌላ ሰው ነው፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል፣ የእሱ ድርሻ ከዚያ የተረፈው ነው። አንድ ቢያጆ ከጨመረ ራቱ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የቅጣት ወረቀት አያሸንፈውም።

መንገዱም ሾፌሩን ያባብለዋል። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ታስቦ ሲሠራ አጥር ተደርጎለታል። የጅማ መንገድ አጥር የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም፣ ምክንያቱም የከተሞቹ ዋና ጎዳና እሱ ራሱ ነው። በገበያ ቀን አህያው፣ ጋሪው፣ ባጃጁና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ሁሉ አስፋልቱ ዳር ናቸው። በሰዓት 100 የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሾፌሩ ልጁን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያ ሁሉ ሜትር አልቋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚገድል አደጋ የመድረስ ዕድል 4 በመቶ ያድጋል። ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት አገር ይህ ቁጥር ይከብዳል።

ለነገሩ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌስ? ቀለበት መንገዱ 18 ማዞሪያ አካባቢ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል። አካፋዩን ዘሎ የሚሻገረውን እንወቅሳለን፤ ሸክም ይዞ እስከ መሻገሪያ ድልድዩ ሄዶ ደረጃ መውጣት ምን እንደሚመስል ግን አንጠይቅም። እዚያም ሰውን የሚመራው የመንገዱ አሠራር ነው።

ስለዚህ ፍጥነቱን መንገዱ ራሱ ይቀንሰው። በየከተማው መግቢያ መንገዱ ይጥበብ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ፊት ለፊት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራ። ጉብታ ሻይ አይጠጣም፣ ወደ ምሳም አይሄድም፤ መብራት ብልጭ ያደረገ ሾፌርም ከእሱ አያስጥልም። ብቻ ሲሠራ ቀለም ይቀባ፣ ቀደም ብሎም ምልክት ይተከልለት። ቀለም የሌለውን ጉብታ ጭነት የሞላ አይሱዙ ሌሊት ላይ ሳያየው ቢደርስበት ሌላ አደጋ ነው።