«ጉድ ፎር ዩ»፦ የስደተኛው ልጅ የበኩር አልበም ለእኛ ወላጆች ምን ይነግረናል?

«ልጄ ምን እየሰማ ነው?» ይህ ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት ባሉ ብዙ አማኝ ቤተሰቦች ዘንድ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ልጁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ እናት ከሩቅ ታየዋለች። ብዙውን ጊዜ መልሳችን «ዓለማዊ ነው፣ አጥፋው!» የሚል ነው። ከማጥፋታችን በፊት ግን እስቲ አንድ አልበም ቀረብ ብለን እንመልከት።

የአልበሙ ባለቤት አሚኔ ይባላል። ሙሉ ስሙ አዳም አሚኔ ዳንኤል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደም ካላቸው ወላጆች ተወለደ። የበኩር አልበሙ «ጉድ ፎር ዩ» ይሰኛል። በእንግሊዝኛው «ጉድ» መልካም ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ሌላ ነው፤ አንዳንድ ወላጅ አልበሙን ቢሰማ የሚለው ይህንኑ የእኛን «ጉድ» ይመስለኛል።

አልበሙ እንዴት ተሠራ?

አሚኔ ራፕ የጀመረው በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱ፣ ተቀናቃኝ ትምህርት ቤቶችን በግጥም እየተረበ ነው። በፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ ሲማርም ሥራዎቹን ራሱ በኢንተርኔት ይለቅ ነበር። በ2016 «ካሮላይን» የተባለው ዘፈኑ ወጣ። ቪዲዮውን ያዘጋጀው ራሱ ነው፤ ጓደኞቹን መኪና ውስጥ አሳፍሮ ሙዝ እየበሉ ቀረጻቸው። ዘፈኑ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 11ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ከታዋቂው ሪፐብሊክ ሪከርድስ ጋርም ተፈራርሞ አልበሙን በጁላይ 2017 አወጣ።

በአልበሙ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ ጆሮ የማይመቹ ቃላት መኖራቸውን መደበቅ አይገባም። ታናናሽ ልጆችን እንዲሰሙት አንመክርም። ደግሞም አንጋፋው ድምፃዊ ቻርሊ ዊልሰን አብሮት ዘፍኗል። ዊልሰን የመጋቢ ልጅ ነው፤ መዘመር የጀመረውም በአባቱ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

የጠፋው ሰፈር

ልናስተውለው የሚገባን ዘፈን «ተርፍ» የሚለው ነው። አሚኔ ያደገበት ሰሜን ምሥራቅ ፖርትላንድ የጥቁሮች መኖሪያ ነበር። ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1857 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ጥቁሮች ወደ ግዛቲቱ እንዳይገቡ ከልክላ ነበር፤ አንቀጹ የተሰረዘው በ1926 ነው። ከዚያም በኋላ ለአውራ ጎዳናና ለሆስፒታል ማስፋፊያ ሲባል ብዙ ቤቶች ፈረሱ። በቅርብ ዘመን ደግሞ የቤት ኪራይ ናረ፤ ነባሮቹ ወጡ፣ ባለ ገንዘቦች ገቡ። አሚኔ ያደገበት ሰፈር እንግዳ ሆኖበት ሲያዝን በዘፈኑ እንሰማዋለን።

ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ ሩቅ ወሬ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2024 የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ መልኩን ቀየረው። ፒያሳና ካዛንቺስ ፈረሱ፤ ነዋሪዎቻቸውም ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ዳር ሰፈሮች ተዛወሩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ከተማውም ተውቧል። ነገር ግን አብሮ ያደገ የሰፈር ልጅ፣ ቡና የሚጣጡ ጎረቤቶች፣ በየሳምንቱ የሚገናኝ የጸሎት ቡድን ተበትኗል። ትልልቆቹ ይህን ኀዘን በጸሎት እናወጣዋለን። ልጁ ግን በምን ያውጣው?

ሁለት አገር፣ አንድ ቤት

ሌላም ነገር አለ። አልበሙ በወጣ ጊዜ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ዝግ ነበር። በጁላይ 2018 ከቦሌ ወደ አስመራ በረራ ሲጀመር ዘመድ ከዘመዱ ተቃቅፎ አለቀሰ፤ በሴፕቴምበር 2024 በረራው ተቋረጠ። መንግሥታት በሚለያዩበት ጊዜ ሁሉ ሁለቱ ደም በአንድ ቤት አብሮ ማደጉን የሚመሰክሩት እንደ አሚኔ ያሉ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወገኖች ሆይ፣ የልጆቻችንን ጆሮ የመጠበቅ ኃላፊነት አለብን። ይሁን እንጂ ሳይሰሙ መከልከል ልጁን ከማዳመጫው አያላቅቀውም፤ ከእኛ ያርቀዋል እንጂ። ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡና «እስቲ አንዱን ጆሮ ለእኔ ስጠኝ» በሉት። ከዚያም «ይህ ዘፈን ስለ ምን ይናገራል? አንተን ምን ነካህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት የምትሰሙት፣ እናንተም የምትናፍቁትን የፈረሰ ሰፈር ይሆናል።