ወደ ባንኮክ ለሚጓዙ፦ የአደራ ዕቃና ሌሎች ጉዳዮች



ከወገኖቻችን መካከል ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም አገር ለማየት ወደ ታይላንድ ዋና ከተማ ወደ ባንኮክ የሚጓዙ ጥቂቶች አይደሉም። ስለ ሆቴሉና ስለ ገበያው የሚነግራቸው አያጡም። በዚህ ወር ዐምዳችን የምናነሣው ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ነውር የሌለበት፣ እንዲያውም የደግነት ምልክት የሆነ ልማድ ባሕር ሲሻገር ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ተመካክሮ መጨረስ የሚገባውን እናስታውሳለን።

በቅድሚያ የአደራ ዕቃን እንመልከት። አንድ ሰው ሊጓዝ ነው ሲባል ጎረቤቱም ዘመዱም "ይህችን ለልጄ አድርስልኝ" እያለ የታሸገ ነገር ይዞ ይመጣል። እምቢ ማለት ያሳፍራል። ሆኖም በሻንጣችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ታይላንድ በአደንዛዥ ዕፅ ላይ ጥብቅ ሕግ ካላቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ለከባዱ ጥፋት ቅጣቱ እስከ ሞት ይደርሳል። በእኛ አገር በየገበያው የሚሸጠው ጫትም ቢሆን፣ ደርቆ "ሻይ ቅጠል ነው" ቢባል እንኳ፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን እዚያ ከተከለከሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ ዕቃው በባለቤቱ ፊት ይከፈት፤ አይከፈትም ከተባለ አይወሰድ። አደራን መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ ምንነቱን የማናውቀውን አለመቀበል ግን አደራ መብላት አይደለም።

ቀጥሎ ያለው የወረቀት ጉዳይ ነው። የቪዛ ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከደላላ ሳይሆን ከታይላንድ ኤምባሲ አረጋግጡ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የመግቢያ ቅጹ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል። ይህ በነፃ ስለሆነ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትመኑ። ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብም የሐኪሙን ደብዳቤና መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ይያዝ።

ሰዓትም ያሳስታል። ባንኮክ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ይቀድማል። ሆስፒታሉ "በ9 ሰዓት ኑ" ቢላችሁ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። የታይላንድ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ በአውሮፓውያኑ ላይ 543 ዓመት ይጨምራል፤ በደረሰኝ ላይ 2569 ተጽፎ ብታዩ 2026 ማለት ነው።

በምግብ በኩል፣ የታይላንድ ሕዝብ አብዛኛው ቡድሂስት ቢሆንም ሙስሊሞችም አሉ። "ሐላል" የሚለውን የዐረብኛ ጽሑፍ የያዘውን የአገሪቱን ማዕከላዊ እስላማዊ ምክር ቤት ምልክት ፈልጉ። በሱኩምቪት መንገድ ናና በሚባለው ሰፈር የዐረብ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። የአሳማ ሥጋ በቋንቋቸው "ሙ" ይባላል፤ "ማይ ኪን ሙ" ማለት "አሳማ አልበላም" ነው። ዶሮ ነው የተባለው በአሳማ ስብ ሊጠበስ ስለሚችል መጠየቁ አይከፋም። ቂብላን በተመለከተ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የምንዞር ሲሆን ከባንኮክ ግን ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብለን ነው። ሶላትን ስለማሳጠር፣ የቆይታው ቀን ብዛት በመዝሀቦቹ ስለሚለያይ ከጉዞው በፊት ዓሊም ጠይቁ።

የአገሬውን ክብር መጠበቅም ያስፈልጋል። እኛ የልጅ ራስ መዳበስን ፍቅር እናደርገዋለን፤ እነርሱ ዘንድ ግን ራስ የተከበረ አካል ስለሆነ አይነካም። ንጉሡንና ቤተሰቡን የሚዘልፍ ከ3 እስከ 15 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። የገንዘብ ኖታው የንጉሡን ምስል ስለያዘ መሬት ቢወድቅ በእግር አትርገጡት። በመንገድ ላይ ደግሞ "ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው፤ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ዕንቁ ሻጭ የሚወስድ አታላይ ነውና አትከተሉት። ችግር ቢገጥማችሁ የቱሪስት ፖሊስ ስልክ 1155 ነው።

ወላጆች በተለይ ልብ እንዲሉልን የምንሻው የመጨረሻው ነጥብ ነው። "በቱሪስት ቪዛ ግባ፤ የኮምፒውተር ሥራ ተዘጋጅቶልሃል" የሚል ጥሪ ብዙ ወጣቶችን አጥፍቷል። ከባንኮክ በመኪና ወደ ድንበር ከተማዋ ወደ ሜሶት፣ ከዚያም ወንዝ አሻግረው ወደ ምያንማር ወስደው በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ያስገድዷቸዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከዚያ ተለቅቀው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ትኬቱን ሌላ ሰው ገዝቶ፣ ደመወዙን አግዝፎ፣ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ግን የሚደብቅ ቀጣሪ ካጋጠማችሁ ልጃችሁን አትሸኙ። የሚጓዝ ሰው ሁሉ የፓስፖርቱን ቅጂ፣ የሚያርፍበትን አድራሻና የሚደውልበትን ቀን ለቤተሰቡ ትቶ ይሂድ። ፓስፖርቱንም ለማንም ቀጣሪ አያስረክብ።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን። በሚቀጥለው ወር፣ ኢንሻ አላህ፣ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።