ዘፈኑ ማንን ነው የሚሰድበው?

ወላጆች፣ በቂርያት ጋት ብዙዎቻችሁ “ልጃችንን ያበላሸው ይህ ራፕ የሚሉት ዘፈን ነው” ትላላችሁ። ልጆቻችን ዛሬም የሚሰሙት ቱፓክ ሻኩር በመስከረም 1996 ላስ ቬጋስ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሲሞት ገና 25 ዓመቱ ነበር። በዘፈን የሰደበው ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. ደግሞ ከ6 ወር በኋላ በሎስ አንጀለስ በ24 ዓመቱ ተገደለ። በቱፓክ ግድያ በ2023 የተከሰሰው ሰው ክሪፕስ ከሚባሉት የሰፈር ቡድኖች የአንዱ አባል የነበረ ነው። ክሪፕስ የተመሠረተው በ1969 ገደማ፣ ራፕ ከመወለዱ በፊት ነው። ጠቡ ከዘፈኑ ይቀድማል ማለት ነው፤ ዘፈኑ የሚያደርገው ስድቡን ከሰፈር ሰፈር ማድረስ ነው።

ስለዚህ ስልኩን መቀማት ብዙ አይረዳም፤ በጓደኛው ስልክ ይሰማዋል። ዕብራይስጡ ባይገባችሁም “ይህ ዘፈን ማንን ነው የሚሰድበው?” ብላችሁ ልጁን ጠይቁት። አሜሪካ ያለ ዘፋኝ ከሆነ ተዉት። በከተማችን የሌላ ሰፈር ልጅ በስሙ ተጠርቶ የሚሰደብ ከሆነ ግን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። ሽማግሌ ይዛችሁ በዚያው ማታ ወደ ልጁ ቤተሰብ ሂዱ። ልጃችሁ ቢላ ይዞ ከወጣ ግን የሽማግሌ ጊዜ አልፏል፤ ወደ ፖሊስ፣ በ100 ደውሉ። “ልጄን በገዛ እጄ አሳሰርኩ” ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቢሆንም ደውሉ።