ፀሐይ ጣሪያ ላይ፣ ወሬ መስኮት ላይ

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ በጀጎል ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የምታርፍበት መስኮት ፈልጉ፤ አታገኙም። የሐረሪ ቤት ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞረ ነው። ግንቡ ወፍራም ድንጋይ፣ መስኮቱ ጥቂትና ጠባብ፤ ነደባው (የቤቱ መደብ) ላይ የሚቀመጥ ሰው በቀትርም ቢሆን ቅዝቃዜ ያገኛል። ከውጭ ደግሞ መተላለፊያው ከመጥበቡ የተነሣ የጎረቤት ግንብ የጠዋቷንም የማታዋንም ፀሐይ ይጋርዳል። «መስኮታችን ሁሉ መብራት ያመንጭ» የሚሉ ሰዎች ይህን ቤት አላዩትም።

ሐሳቡ ለሌላ አገር የተቆረጠ ልብስ ነው። ከምድር ወገብ በራቁ ከተሞች ፀሐይ በብርዱ ወራት ዝቅ ብላ ከጎን ትመጣለች፤ ፎቃቸውም መስታወት የለበሰ ነው። ሐረር ከወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ከአናት ነው የምትወርደው። ይባስ ብሎ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ወደ ደቡብ የተከፈተን መስኮት በቀጥታ አታገኘውም።

ሒሳቡን እናድርገው። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 ዓ.ም. ያሳዩት፣ ብርሃን አሳልፎ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መስታወት ከተቀበለው ኃይል የለወጠው 1 በመቶ ገደማውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ስለተሻሻለ 5 በመቶ እንበል። ግማሽ ካሬ ሜትር መስኮት በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ቢያገኝ፣ ለጀጎል ይህም ብዙ ነው፣ የሚተርፈን 50 ዋት ሰዓት ነው። ሦስት ስልክ ይሞላ ይሆናል። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ጣሪያ ላይ የተዘረጋ አንድ ካሬ ሜትር ተራ ሶላር የሃያ እንዲህ ያለ መስኮት ሥራ ይሠራል።

በጣሪያ ሶላር ላይ የሚነሣ ክብደት ያለው ተቃውሞ አንድ ነው፤ ቅርሱ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጣሪያው በሶላር ሲሸፈን መልኩ ይበላሻል የሚሉ አሉ። ስጋቱን እጋራለሁ። ነገር ግን የጥንቱ የሐረሪ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ እዚህ ኬክሮስ ላይ ደግሞ ሶላሩ ትንሽ ብቻ ዘንበል ቢል ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከመተላለፊያው ላይ ላለ ሰው አይታይም። አሮጌው የእንጨትና የአፈር ጣሪያ ክብደቱን መቻሉ ግን በባለሙያ መታየት አለበት፤ የማይችል ከሆነ ከጀጎል ግንብ ውጭ ያሉ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ቆርቆሮዎች አሉ። የነባር ቤት መስኮት ነቅሎ በአዲስ መስታወት መተካት ነው ቅርስን የሚጎዳው።

እኔን የሚያንገበግበኝ በእንዲህ ያለ መስኮት ላይ የሚባክነው ገንዘብ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ የሐረር ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ ሽቅብ የሚገፋ ሆነ። መብራት ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፤ እናቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ። ለሶላር የሚሆን ብር ካለ መጀመሪያ እዚያ፣ ፀሐይ የሚከልል ግንብ በሌለበት ቆላ፣ ፓምፖቹ አጠገብ ይዘርጋ።