የጢያ ሰይፍ ጎባጣ አይደለም

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ሥነ ጽሑፍ ወዳድ አንባቢዎቼ «ደግሞ ከጨዋታ ጋር ምን አገናኘን?» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። ጠቤ ከጨዋታው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከእናንተም ጋር ነው፤ ይልቁንም ከራሴ ጋር።

ቡታጅራ የሚኖር የእህቴ ልጅ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የሚባለውን የጦር ስልት ጨዋታ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» በተሰኘው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ገቡበት። መጀመሪያ ያሳየኝ ዕለት፣ አልዋሽም፣ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ወታደሮቹ ሲታዘዙ በአማርኛ ይመልሳሉ! የዓለም ልጆች አንድ ቀን በገዛ ቋንቋዬ ሠራዊት ሲያዝዙ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጉዳዩ ዮዲት ናት፤ ዘመኑም 10ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ያኔ የአክሱም ወታደር በአማርኛ ይመልስ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ግን በዚያ ሰዓት የደስታ አፍራሽ መሆን ነው። አልጠየቅሁም።

የጠየቀው ልጁ ነው። እነዚህን ጨዋታዎች ተጫዋቹ ራሱ ከፍቶ ሊያርማቸው ይችላል፤ «ሞድ» ይሉታል። የእህቴ ልጅም የአክሱምን ወታደሮች እንደ ታሪካቸው አድርጎ ሊሠራ ተነሣ። ምክንያቱም በጨዋታው ውስጥ የእኛ ልዩ ወታደር አንድ ብቻ ነው፦ ባለ ሾተሉ። ፈጥኖ ይወጣል፣ ብርቱ ይመታል፣ ጥሩር የለውምና ፈጥኖ ይሞታል።

«ጋሼ» አለኝ፣ «የአክሱም ወታደር ምን ይዞ ነበር የሚዋጋው?»

«ሾተል ነዋ!»

«ከየት አገኙት?»

ዝም አልኩ። ከየትም አላገኘሁትም። ከግድግዳ ሥዕል፣ ከቲያትር ቤት አልባሳት፣ ከአድዋ በዓል ሰልፍ ላይ ነው። ሾተል የለም አልልም፤ ያለፉት መቶ ዘመናት ተጓዦች ሥለውታል፣ በቤተ መዘክርም ይገኛል። ነገር ግን የአንድን ዘመን መሣሪያ ለሺህ ዓመታት ሁሉ ማስታጠቅ፣ የአድዋን ዘመን መኳንንት ጎፈርና ለምድ ለካሌብ እንደ ማልበስ ነው። እኛ ደግሞ አልብሰነዋል፤ በየካላንደሩ።

ስለ ካሌብስ ምን እናውቃለን? በ6ኛው መቶ ዘመን ዮሐንስ ማላላስ የተባለው የአንጾኪያ ሰው በጽርእ በጻፈው ታሪኩ፣ የሮም መልእክተኛ ንጉሡን እንዴት እንዳገኘው ይተርካል። ንጉሡ በወርቅ የተጠለፈ የተልባ እግር ልብስ ለብሶ፣ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ አራት ዝሆኖች በተጠመዱበት ሠረገላ ላይ ቆሟል። በእጁ የያዘው በወርቅ የተለበጠ ትንሽ ጋሻና ሁለት ወርቃማ ጦሮችን ነው። ሹማምንቱም እንዲሁ ጋሻና ጦር ይዘዋል። ልብ በሉ፦ ጦር! ሌላው መልእክተኛ ኖኖሶስ በአዱሊስና በአክሱም መካከል አምስት ሺህ ያህል ዝሆኖች ሲግጡ አየሁ ይላል። የ4ኛው መቶ ዘመን ኢዛናም በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ያዘመታቸውን ጭፍሮች በየስማቸው ይጠራል፦ ሐራ፣ ማሐዛ፣ ሐለን፣ ላከን፣ ሰበራት። ስም የነበረው ሠራዊት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመንም ዐረብ ፈቂህ፣ የኢማም አሕመድን ዘመቻ ሲጽፍ፣ በልብነ ድንግል ወገን ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞችን ይጠቅሳል። ጨዋታው ራቁቱን ያስቀረው ጀግና በጠላቱ ጸሐፊ መጽሐፍ ውስጥ ብረት ለብሷል።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው በደስታ ጻፈ። እኔ ግን አፈርኩ፤ ከመጠየቁ በፊት አንዱንም አላነበብኩትምና።

ለሠሪዎቹ ፍርድ ላለማጉደል አንድ ነገር ልናገር። ጨዋታው ከላይ ወደ ታች የሚታይ ነው፤ ወታደሩ ከጥፍር አይበልጥም። በዚያ መጠን ከሩቅ የሚለይ ቅርጽ ያስፈልጋል፤ የሾተል ቅስት ደግሞ ይለያል። ይገባኛል። ታዲያ ሁለት ወርቃማ ጦር አይለይምን? የህንዶችን ነገር እዩ። አርያኖስ ስለ ጥንት ህንዳውያን ቀስተኞች ሲጽፍ፣ ቀስታቸው የባለቤቱን ቁመት ያክላል፤ መሬት ላይ አቁመው በግራ እግራቸው እየረገጡ ይስቡታል ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ከጥፍር ባነሰ መጠን እንኳ የማይለየው ማን ነው? እውነተኛው ነገር ሁልጊዜ ከተፈጠረው ይልቅ እንግዳ ነው፤ ችግሩ መጽሐፍ መግለጥ ይጠይቃል። በዚያው ጨዋታ «ህንዶች» ተብለው በአንድ ከረጢት ታጭቀው የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሂንዱስታኒ፣ ጉርጃራ፣ ድራቪዲያን፣ ቤንጋሊ ተብለው በአራት ተለዩ። እኛ ዛሬም አንድ ከረጢት ነን፤ ባለ ሾተል ከረጢት።

ሌሎቹ ጨዋታዎች? «ሲቪላይዜሽን» አንድ ጊዜ መሀል ሰፋሪን፣ ሌላ ጊዜ የኦሮሞ ፈረሰኛን ሰጥቶናል። ሦስተኛው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» እ.ኤ.አ. በ2021 «ነፍጠኛ» የሚል ወታደር አስገብቷል፤ ቃሉ በእኛ ዘንድ ስንት ጠብ እንደሚያስነሣ ማን በነገራቸው! እነዚህ ግን ቢያንስ የቅርብ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ልተዋቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ልምጣ። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ፣ በሶዶ ምድር፣ መንገዱ ዳር ጢያ አለች። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመውባታል፤ 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የተቀረጸው ሰይፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ የዚህች ዓለም ባለቅኔ ስለ እነርሱ ግጥም ጻፍኩ፦

የጢያ ጀግኖች ሆይ፣ ለምን ተኛችሁ፣
ጨረቃ መሳዩን ሾተል ይዛችሁ።

ወልቂጤ በአንድ የግጥም ምሽት አነበብኩት። ተጨበጨበልኝ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «የአያቶቻችንን ክንድ አሳየኸን፣ ልጄ» አሉኝ፤ ለሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። የእህቴ ልጅ ለሞዱ ብሎ በስልኩ ያነሣቸውን የጢያ ፎቶዎች ሲያሳየኝ ነው ጉዴን ያየሁት። የጢያ ሰይፍ ቀጥ ያለ ነው። ከእጀታው እስከ ጫፉ ቀጥ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ የሾለ። ቅስት የሚባል ነገር የለበትም። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አለፍኩ! ወርጄም አይቼዋለሁ፤ ያየሁት ግን ድንጋዩን ሳይሆን የቲያትር ቤቱን ሾተል ነበር። «ይዛችሁ» ለ«ተኛችሁ» ቤት መታልኝ፤ ጨረቃዋም አማረችልኝ፤ ድንጋዩ ዋሸ።

የቀን ሥራዬ ባንክ ነው። የቼክ ፊርማ ከናሙናው ጋር ማመሳከር የዘወትር ተግባሬ ነው፤ አንዲት ጭረት ካልተመሳሰለች እመልሰዋለሁ፤ ባለጉዳዩ ቢቆጣም አልራራም። ለሃምሳ ሺህ ብር የማደርገውን ጥንቃቄ ለሙታን ሰይፍ ነፈግሁ። እናንተስ ወዳጆቼ? በየግጥሞቻችን ጋሻ፣ ጦር፣ ጎራዴ፣ ሾተል እንደ በርበሬ እንበትናለን። የጉራጌ ተዋጊ ምን ይለብስ እንደ ነበር፣ ጋሻው ከምን ቆዳ እንደሚሠራ፣ አንድ አዛውንት ጠይቆ የጻፈ ከመካከላችን ማን አለ? በጅሮንድ ባልቻን በአድዋ መድፍ አስይዘን ስንት ስንኝ ቋጥረናል፤ መድፉን በቃላት የሣለልን ግን አላጋጠመኝም። ፈረንጅ ታሪካችንን አበላሸ ብለን ከመጮኻችን በፊት፣ ፈረንጁ አማርኛ ቢችልና የእኛን ግጥሞች ገልጦ ቢያይ ኖሮ ምን ያገኝ ነበር? ያንኑ ሾተል ያገኝ ነበር። እንዲያውም የእኔን ጨረቃ ጨምሮ!

«ግጥም ታሪክ አይደለም፣ ምናብ ነው» የሚለኝ ወዳጅ አለ። ምናብ ያልታየውን ያሳያል እንጂ ዐይን ያየውን አይሰርዝም። ድንጋዩ እዚያው ቆሟል፤ የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም።

የእህቴ ልጅ አሁን የጢያውን ተዋጊ ለብቻው እየሠራ ነው። ሰይፉን ቀጥ አድርጎ አስታጠቀው። ጎፈር አላደረገለትም፤ ማስረጃ የለኝም ብሎ ራሱን ባዶ፣ ልብሱንም ተራ ነጭ አድርጎ ተወው። የማያውቀውን ባዶ መተው ከየት እንደ ተማረ አላውቅም፤ ከእኔ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። ባለፈው እሑድ «ጋሼ፣ ጋሻውንስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አላውቅም፣ ሽማግሌ እንጠይቅ» አልኩት።

ግጥሙን ላርመው ተቀምጬ ነበር። ጨረቃዋን ሰረዝኩ። «ቀጥ ያለ ሰይፍ» ግን እስካሁን ቤት አልመታልኝም።