በዋዜማ የማይለወጥ ደንብ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤፕሪል 6 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ማምሻውን በዊስኮንሲን ምርጫ ላይ የሰጠው ውሳኔ አምስት ዳኞች ደግፈውት፣ አራት የተቃወሙት ነው። በማግሥቱ፣ በምርጫው ዕለት፣ የግዛቲቱ ከተማ የሚልዋኪ ሰው ጭምብል አጥልቆ ለሰዓታት ተሰለፈ። ስለ ሰልፉ ብዙ አልልም። እኔን የያዘኝ ዳኞቹ ያቀረቡት ምክንያት ነው።

ክርክሩ በፖስታ ስለሚላክ ድምፅ ነበር። የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ የኮሮና ወረርሽኙን አይተው እስከ ኤፕሪል 13 የደረሰ ድምፅ ሁሉ ይቆጠር ብለው ነበር። አምስቱ ዳኞች ግን እስከ ምርጫው ዕለት፣ እስከ ኤፕሪል 7፣ የፖስታ ቤት ማኅተም ያላረፈበት ወይም በእጅ ያልቀረበ ድምፅ እንዳይቆጠር አዘዙ። ጉዳዩ ጠባብ የአሠራር ጥያቄ ነው አሉ። የፌዴራል ፍርድ ቤት በምርጫ ዋዜማ ደንብ መለወጥ የለበትም አሉ። ወረቀቱ የዘገየበት መራጭም በሌላ ጊዜ ዘግይቶ ከጠየቀ መራጭ የተለየ ነገር እንደገጠመው አልተረጋገጠም አሉ።

ከዚህ ከመጨረሻው ልጀምር። በሌላ ጊዜ የፖስታ ወረቀት ያልደረሰው ሰው ምን ያደርጋል? ጫማውን አጥልቆ ሰፈሩ ወዳለው ምርጫ ጣቢያ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ግን የግዛቲቱ መንግሥት ከቤትህ አትውጣ ብሎ አዞት ነበር። ይውጣ ቢባል እንኳ ጣቢያው አልነበረም። ሚልዋኪ ሊኖሯት ከሚገቡት 180 ጣቢያዎች የተከፈቱት 5 ብቻ ነበሩ፤ ሌላዋ የግዛቲቱ ከተማ ግሪን ቤይ ከ31 ወደ 2 ወርዳ ነበር። ምርጫ አስፈጻሚዎቹ በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለሆኑ ብዙዎቹ ለነፍሳቸው ፈርተው ቀርተዋል፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። የፖስታ ወረቀት የጠየቀው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስለሆነ ጽሕፈት ቤቶቹ ልከው ሊጨርሱ አልቻሉም። እንግዲህ በቀነ ገደቡ ውስጥ ያመለከተ መራጭ፣ ገና እጁ ያልገባ ወረቀት እስከ ምርጫው ዕለት ፖስታ ቤት አድርስ ተባለ ማለት ነው። ዳኛ ሩት ባደር ጊንዝበርግ በልዩነት ሐሳባቸው፣ ይህ ከተለመደው ምርጫ ብዙም አይለይም መባሉ አእምሮ የሚቀበለው እንዳልሆነ ጽፈዋል። ትክክል ነበሩ።

በዋዜማ ደንብ አይለወጥም የሚለው መርህ በደኅናው ቀን መልካም መርህ ነው፤ መራጩ ግራ እንዳይጋባ ይጠብቀዋል። ዊስኮንሲን ውስጥ ግን ደንቡን የለወጠው ዳኛ አልነበረም። ወረርሽኙ አስቀድሞ ለውጦት ነበር። የታችኛው ዳኛ የሞከሩት የቀረውን ማዳን ነው። ወረርሽኙ ደንብን እንደሚያስለውጥ ደግሞ ከራሱ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የበለጠ ምስክር የለም። ማርች 16 የማርች ችሎቱን በወረርሽኙ ምክንያት አራዝሟል፤ በ1918 የኅዳር በሽታ ጊዜም ችሎት ተራዝሞ እንደነበር በመግለጫው አስታውሷል። ዳኞቹና ጠበቆቹ እንዳይታመሙ ያንን ማድረጉ ተገቢ ነበር። ለሚልዋኪ ሽማግሌ ያው ጥንቃቄ የተነፈገበትን ምክንያት ከውሳኔው ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሌላ መንገድ አልነበረም የሚል ካለ ኦሃዮን ይመልከት። አገረ ገዥው ማይክ ዴዋይን ሪፐብሊካን ናቸው፤ ግን ምርጫው ሊካሄድ በነበረበት በማርች 17 ዋዜማ ሌሊት ጣቢያዎቹን አዘግተዋል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሜሪላንድም ምርጫዋን ወደ ጁን 2 አዛውራለች። ማራዘም አልፈልግም ላለ ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ኤፕሪል 15 ምን እንዳደረገች አሳይታለች፦ የመራጩን ሙቀት ለካች፣ ጓንት ሰጠች፣ ለይቶ ማቆያ ያሉትን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ለብቻቸው አስመረጠች፤ ከመራጩ 66 በመቶው ወጣ። ዊስኮንሲን አላራዘመችም፣ አልተዘጋጀችምም። አገረ ገዥ ቶኒ ኤቨርስ ለኤፕሪል 4 የጠሩትን አስቸኳይ ስብሰባ ሪፐብሊካኖች የሚመሩት ምክር ቤት ከፍቶ በሴኮንዶች ውስጥ ዘጋው። ኤቨርስ ዘግይተው ያወጡትን የማራዘሚያ ትእዛዝም የግዛቲቱ ፍርድ ቤት በዚያው ቀን ሻረው።

በምርጫው ማግሥት፣ ኤፕሪል 8፣ የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ይወዳደሩ የነበሩት በርኒ ሳንደርስ ከውድድሩ ወጡ። ሽንፈታቸውን በወረርሽኙ አላመካኝም፤ የሳውዝ ካሮላይና ምርጫና ማርች 3 በብዙ ግዛቶች የተካሄደው ምርጫ ቀድመው ወስነውት ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የእርሳቸውና የደጋፊዎቻቸው የተራማጆቹ ዋና ክርክር የጤና መድን ከሥራ ጋር መታሰሩ አደገኛ ነው የሚል ነበር። በአራት ሳምንት ውስጥ 22 ሚሊዮን ያህል ሰው ለሥራ አጥነት ድጎማ ሲያመለክት፣ ይህ ክርክር ማስረጃ የሚፈለግለት መሆኑ ቀረ። የሕመም ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ እያተኮሰውም ቢሆን ሥራ እንደሚገባ አገሩ ሁሉ አየ። በዋሽንግተን ዙሪያ መኪና የሚያቆሙት፣ አረጋውያን የሚንከባከቡት፣ ታክሲ የሚነዱት ወገኖቻችን ይህን ድሮም ያውቁታል። ከሥራ ያልታሰረ የጤና መድን በጣም የሚያስፈልገው ሰውና ምርጫ ጣቢያው የተዘጋበት ሰው ግን አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጥቁሮች ከሕዝቡ ሩብ ያህል በሆኑበት በሚልዋኪ አውራጃ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሞቱት አብዛኞቹ እነርሱ ናቸው። አምስት ጣቢያ ብቻ የቀረላት ከተማም የእነርሱ ናት።

ኤፕሪል 13 የዊስኮንሲን ምርጫ ውጤት ሲነገር ለግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት የተወዳደሩት ጂል ካሮፍስኪ፣ ሪፐብሊካኖች የደገፏቸውን ዳኛ ዳንኤል ኬሊን በ10 ነጥብ ገደማ አሸነፉ። አንዳንድ ወዳጆቼ ደስ ብሏቸው ውሳኔው ጉዳት አላደረሰም ይላሉ። የካሮፍስኪ ማሸነፍ ፈርቶ ቤቱ የቀረውን አይቆጥርም። በሰልፉ ላይ የታመመ ካለም እርሱንም አይቆጥርም።

ምርጫ ይራዘም ማለት ለእኔም ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ምርጫ ቦርድ መጋቢት 22 ቀን 2012 ለነሐሴ ያሰበውን ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት በያዘው ጊዜ ማካሄድ እንደማይችል ሲያስታውቅ ደግፌዋለሁ። ግን የአገሪቱ ምክር ቤት ዘመን መስከረም ላይ ያበቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማን በምን ሥልጣን እንደሚያስተዳድር ሁሉም የሚስማማበት መልስ አልነበረም። የተራዘመ ምርጫ የሚመለስበትን ቀን የሚቆርጠው ሥልጣን ላይ ያለው ነው፤ ይህ ያሳስበኛል። የአሜሪካ የኖቬምበር ምርጫ ቀን ደግሞ ከ1845 ጀምሮ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ከኮንግረሱ በቀር የሚለውጠው የለም። ስለዚህ ለዚያ ዓመት ምርጫ የቀረው መዘጋጀት ብቻ ነበር። ኮንግረሱ ለዚህ 400 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፤ የየግዛቱን ደንብ የሚያስተካክሉት ግን የግዛት ምክር ቤቶች ናቸው። ዊስኮንሲን ውስጥ ስብሰባውን በሴኮንዶች የዘጉት ሰዎች እስከዚያ ኖቬምበር ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ እንዳምን የሚያደርገኝ ነገር አላየሁም ነበር።