የቤተሰብ በዓላችንና የመዝገቡ ነገር



የዕድራችን ኮሚቴ በዘንድሮው የቤተሰብ በዓል የአባላትን ወንዶች ልጆችና ወንዶች የልጅ ልጆች ለማክበር ማሰቡን በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንብበናል። ሐሳቡ ደግ ነው። ዳቦ ተቆርሶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ በየስማቸው እየተጠሩ በሽማግሌ ሲመረቁ ማየት የማያስደስተው ሰው ያለ አይመስለኝም። ወንዶቹ ለምን እንደተመረጡም ይገባኛል። ድንኳን መትከልና መንቀል፣ ወንበር ማመላለስ፣ ሬሳ መሸከም የወንድ ሥራ ተብሎ ስለኖረ ነው። አባቶች ደግሞ ጉልበታቸው እየደከመ ነው፤ ተተኪ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ስጦታ የተቀበለው ልጅ በማግሥቱ ከዕድሩ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? ብዙዎቹ ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ የሉም። ትዳር ይዘው ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ለቅሶ ሲሆን ታክሲ ተሳፍረው ይመጣሉ፤ ግን እንደ እንግዳ ነው የሚቀመጡት፣ ምክንያቱም መዝገቡ ላይ ያለው የአባት ስም እንጂ የእነሱ አይደለም። ጡሩምባው በርግጥ ጀሞ ድረስ አይሰማም። ስልክ ግን ይደርሳል። እንግዲህ ልጆቹን ማክበር ከሆነ ሐሳባችን፣ በዚያው ቀን በራሳቸው ስም አባል እናድርጋቸው፤ የመግቢያውንም ክፍያ ቀነስ እናድርግላቸው። ለስጦታ የታሰበው ገንዘብ ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ የሴቶቹ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች ያሉት አባል በዚያ ቀን ምን ብሎ ይቀመጥ? የሰው ልጅ ስም ሲጠራ እያጨበጨበ ሊያመሽ ነው? እሱም እኮ ወርኃዊ መዋጮውን እኩል ነው የሚከፍለው፤ ቀብር ቢቀርም እኩል ነው የሚቀጣው። ደግሞ ለቅሶ ቤት ውስጥ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ወጥ የሚሠራ፣ ሰሐን የሚያጥብ ማን ሆነና? ድንኳኑ አንዴ ከተተከለ ወንዱ ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል፤ ሴቷ ግን እስከ ሰልስት ድረስ ከጭስ አትወጣም።

«የሴቶች ዕድር አላቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። አላቸው። እሱ ግን በአብዛኛው የድስቱንና የእንጀራውን ጣጣ ነው የሚሸከመው። የቀብሩ ገንዘብና የስብሰባው ድምፅ ያለው በትልቁ ዕድር ነው፤ በብዙ ዕድር ደግሞ የሴት ስም መዝገቡ ላይ የሚወጣው ባሏ ሲሞት ነው። ኸረ እስቲ፣ ሴት ልጅ አባል ለመሆን መበለት እስክትሆን መጠበቅ አለባት?

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በዓለም የታወቁት የበጎ አገልግሎት ክበቦችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ላዮንስ በ1917 ሁለቱም ቺካጎ ላይ ሲመሠረቱ የወንዶች ማኅበር ነበሩ። የአባላት ሚስቶችና ሴቶች ልጆች ግብዣ ያዘጋጁ ነበር እንጂ በአባልነት አይቆጠሩም ነበር። በ1977 በካሊፎርኒያ ዱዋርቴ የሚባል ትንሽ ከተማ ያለ የሮታሪ ክበብ ሦስት ሴቶችን ቢያስገባ፣ በዓመቱ ከማኅበሩ ተሰረዘ። ነገሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲጓዝ ቆይቶ በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለትንሹ ክበብ ፈረደለት። ላዮንስ በዚያው ዓመት፣ ሮታሪ ደግሞ በ1989 ደንባቸውን አሻሽለው ሴቶችን ተቀበሉ። እኛ ፍርድ ቤት መመላለስ አያስፈልገንም፤ የራሳችን ጠቅላላ ጉባኤ ይበቃናል።

ወግ ነው፣ አይነካም የሚሉ አባቶች አሉ። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን መተዳደሪያ ደንቡን እናንተው ናችሁ የጻፋችሁት፤ መዋጮ በጨመረ ቁጥርም ስታሻሽሉት ኖራችኋል። (ለመሆኑ ደንቡን ከመሳቢያ አውጥቶ ያነበበ ስንቱ ይሆን?) ሴት ልጅ ድንኳን ትትከል አላልኩም፤ ብትተክልም የሚፈርስ አይመስለኝም። እኔ የምለው፣ አባቷ ሲያርፍ የዕድሩን ገንዘብ በስሟ ፈርማ ትቀበል፣ በጉባኤም እጇን አውጥታ ድምፅ ትስጥ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከጥሪው ወረቀት ላይ «ወንዶች» የሚለው ቃል ይሰረዝ፤ የአባላት ልጆችና የልጅ ልጆች ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ሁሉ ከፈለጉ በዕለቱ ይመዝገቡ። ጸሐፊያችን ፈቃዳቸው ከሆነ መዝገቡንና እስክሪብቶውን ይዘው ከበሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ ስም፣ የመኖሪያ ሰፈርና ስልክ ቁጥር ከምርቃቱ በፊት ተጽፎ ይለቅ። የምትቃወሙ ካላችሁ ደግሞ ቡና ላይ ከማማት ጉባኤው ላይ ተነሥታችሁ ተናገሩ።

አንድ የዕድሩ አባል